የሐሙስ ምጣድ፦ በአሰላና በአርሲ ደጋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሥራ የሚፈታባቸውን ቀናት የተመለከተ ጥናት

በአሰላ ከተማ መካከለኛ ኑሮ በሚኖር ቤተሰብ ጓዳ ውስጥ ካለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ጉልበተኛው ቴሌቪዥኑ አይደለም፤ ፍሪጁም አይደለም። ምጣዱ ነው። አምፖሉ ዘጠኝ ዋት ይበቃዋል። ምጣዱ ግን 3500 ዋት ገደማ ይጎትታል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፒር አካባቢ መሆኑ ነው፤ ስለዚህም እንጀራ እየተጋገረ ካውያ የሚሰካ ሰው ከሽማግሌ ፊት የሚያስቀርብ ጥፋት እንደፈጸመ ይቆጠራል። ታዲያ ይህን ያህል ጉልበት የታደለ መሣሪያ በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራል? በሳምንት ሁለት ቀን ይጋገራል፣ በእያንዳንዱም ቀን ሁለት ሰዓት ይፈጃል ብለን እንነሳ። ከሳምንቱ 168 ሰዓት ምጣዱ በሥራ ላይ የሚገኘው 4 ሰዓት ብቻ ነው፤ 2.4 በመቶ። ከዚህ ባነሰ መጠን በሥራ ገበታቸው የሚገኙ አካላትን መዘርዘር ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

የጥናቱ ዓላማ የቀረው 164 ሰዓት ነው።

አርሲ ያልተጠና አገር አይደለም። የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል በፈረንጆቹ 1966 ተቋቁሞ ስንዴውን አንድ በአንድ ጠይቆታል። በዓመቱ በስዊድን እርዳታ ካዱ፣ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ መጥቶ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ላሚቱና ስለ ማረሻው ሪፖርት በሪፖርት ላይ ደርድሯል፤ የእርሻ መሣሪያ የሚያሻሽል ክፍልም ነበረው። በአዲስ አበባና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎችም ምጣድን በጋለ ዘይት፣ በእንፋሎት፣ በፀሐይ ለማሞቅ የተደከመባቸው የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ሁሉም ግን ምጣዱን ያገኙት በመጋገሪያው ቀን ነው። ምጣድን ሐሙስ ዕለት ቤቱ ሄዶ የጠየቀው የለም።

ሐሙስ የተመረጠው በናሙናዋ ቤት የሚጋገረው ማክሰኞና ቅዳሜ ስለሆነ፣ ሐሙስ ከሁለቱም የራቀ ንጹሕ ሥራ ፈትነት በመሆኑ ነው። የናሙናው ቤት አንድ ብቻ መሆኑ ሊያስነቅፍ ይችላል። ይሁንና ሰው ጓዳ ገብቶ ምጣድ ሥር ማጎንበስ ለወንድ አጥኚ በየቤቱ የሚፈቀድ አይደለም፤ በዚህችም ቤት የተፈቀደው አጥኚው የቤት ኪራይ የሚከፍልባት ስለሆነች ነው። የቤቲቱን እመቤት ከዚህ በኋላ እትዬ እንላቸዋለን፤ እሳቸውም አጥኚውን አንዳንዴ ልጄ፣ አንዳንዴ አንተ ሰውዬ ይሉታል። የአጠራሩ መለዋወጥ ከቆጣሪው ካርድ ቀሪ ሒሳብ ጋር ግንኙነት እንዳለው ታይቷል።

የመሣሪያውን አሠራር ባጭሩ እናስቀምጥ። ወገቡ 58 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የሸክላ ምጣድ ይገለበጥና ጀርባው ላይ ቦይ ይቀደዳል፤ በቦዩ ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ ይቀበራል፤ በላዩ ጀሶ ይለሰናል፤ ከዚያ በቆርቆሮ ቀፎ ውስጥ ገብቶ በእግር ይቆማል፤ ክዳን ይደረግለታል። ሙቀት መቆጣጠሪያ የሚባል ነገር በአብዛኛው የለውም። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው የእትዬ እጅ ነው፤ ሲበዛ ሶኬቱን ይነቅላል፣ ሲያንስ ይሰካል። ቀዝቃዛ ምጣድ ሊጥ ለመቀበል እስኪግል የሚወስደው ጊዜ፣ የበቆጂው ልጅ ቀነኒሳ በቀለ በፈረንጆቹ 2004 ሄንግሎ ላይ 5000 ሜትር ከሮጠበት 12 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ጋር ተቀራራቢ ነው። በአርሲ ለተሠራ ጥናት ከዚህ የተሻለ የጊዜ መለኪያ አልተገኘም።

ሥራ ፈት መጥበሻ በእኛ አልተጀመረም። አሜሪካኖች ከፈረንጆቹ 1930ዎቹ ጀምሮ ኔስኮ የሚባል ድስት መሰል የኤሌክትሪክ መጥበሻ አላቸው፤ አንድ ቱርክ ከነክንፏ ይውጣል። በኅዳር የምስጋና በዓል ይወጣና ዓመቱን ሙሉ ምድር ቤት ይቀመጣል። ባለቤቶቹም በቀሩት ወራት ምን እንሥራበት እያሉ ይጨነቃሉ፤ ዳቦ ጋግሩበት፣ ሾርባ አሙቁበት የሚል ምክር ይሰጣጣሉ። ከዚህ ሁሉ ለጥናታችን የሚቀርበው ግን የሌፍሴ ምጣድ ነው። ሌፍሴ ከድንችና ከዱቄት የሚጋገር የኖርዌዮች ቂጣ ነው፤ በአሜሪካ የሚኖሩ ኖርዌዮች በተለይ ለገና ይጋግሩታል። ለዚህም ሲባል በአይዋ ክፍለ ሀገር ክሬስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለው ቤታኒ የተባለ ድርጅት 16 ኢንች ስፋት ያለው ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሠራል። ኖርዌዮቹ በዓመት አንዴ አውጥተው የሚያስገቡትን ይህን ዕቃ ከሚኒሶታ እስከ ዋሽንግተን ያሉ የኛ ሴቶች አዩት፣ በክርናቸው ለኩት፣ ትንሽ ጠባብ ናት አሉ፣ ገዙት። አሁን በየሳምንቱ እንጀራ ይጋገርበታል። አንድ ሕዝብ የሌላውን ሕዝብ ሐሙስ ያለ ስብሰባና ያለ ፕሮጀክት ሰነድ የሞላበት ሌላ አጋጣሚ አጥኚው አያውቅም።

ወደ አገራችን አቅም እንመለስ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ አቅሙ 5150 ሜጋ ዋት ተብሏል። ሜጋ ዋት ለሕዝብ የሚገባ መለኪያ አይደለም። በምጣድ ሲመነዘር ግድቡ አንድ ሚሊዮን ከአራት መቶ ሰባ ሺህ ምጣድ ነው፤ በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም ተሰክተው። ከፈረንጆቹ 1988 ጀምሮ በዋቢ ሸበሌ ላይ የሚሠራው መልካ ዋከና 153 ሜጋ ዋት፣ ወደ 43,700 ምጣድ ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ ሲመጡ ኢተያ አካባቢ የቆሙት 29 የነፋስ ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 970 ምጣድ ያህል ይሸከማሉ፤ ነፋስ ካለ። ይህን ስሌት ለእትዬ አጥኚው በወረቀት አሳያቸው። «እና ማክሰኞ ጠዋት ለምን ይጠፋል?» አሉ። ጥያቄው ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

ምጣዱን በማይጋገርበት ቀን ሌላ ሥራ የማስያዙ ሙከራ ገብስ ቆሎ በማመስ ተጀመረ። በገብስ አገር ሌላ መጀመሪያ ሊኖር አይችልም። ገብሱ ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ልብሱን ለመጣል ብዙ የማያስቸግር፣ ለመሸክሸክ የማያደክም። በእርግጥም በጋለው ምጣድ ላይ ሲበተን ሽታው መልካም ነበር። ችግሩ የመጣው ከምሕንድስናው ነው። የእንጀራ ምጣድ ልሙጥ ነው፤ ጉድጓድ የለውም። የሚታመስ እህል ደግሞ መሸሽ ያውቃል። ገብሱ ወደ ዳር ዳር እያለ በሸክላውና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍተት ገባ፤ ከገባም በኋላ አልወጣም። ቅዳሜ ዕለት ምጣዱ ሲግል ከዚያ ክፍተት ጢስ ተነሳ፤ እንጀራውም የቆሎ መዓዛ ይዞ ወጣ። አጥኚው ይህን ተጨማሪ ውጤት አድርጎ መዝግቦታል። እትዬ ግን፦ «ልጄ፣ ምጣድ አመል አለው። ቆሎ ያስለመድከው ምጣድ እንጀራ አይሰጥህም» አሉ፤ የብረት ምጣዱንም ከግድግዳ አውርደው በከሰል ምድጃ ላይ ጣዱለት።

ይህ አባባል መመርመር አለበት፤ አጥኚው በመጀመሪያ እንደ ተረት ይዞት ነበርና። እንጀራ ከምጣዱ የሚነሳው በሸክላው ፊት ልስላሴና በማሰሻው ቅባት ነው። አዲስ ምጣድ ሲገዛ በጎመን ዘር ደጋግሞ እየታሸ ይሟሻል፤ ፊቱ ሲጠቁርና ሲለሰልስ ነው ለሊጥ የሚበቃው። ገብስ ይህን ፊት ይፍቀዋል። ቡና ዘይቱን ያጠጣዋል። የሸክላው ቀዳዳዎች የተቀበሉትን አይመልሱም፤ ቆየት ብለው ለእንጀራው ይሰጡታል። ስለዚህ የእንጀራ ምጣድ ለብቻው፣ የቆሎ ምጣድ ለብቻው የሚለው የጓዳ ሕግ በፊዚክስ ረገድ አንዳች እንከን አልተገኘበትም። ሽሮ እህል ማመስ፣ አብሽ ማመስ፣ ቡና መቁላት በዚሁ ሕግ ተከልክለዋል፤ አጥኚውም በየተራ መሞከር አላስፈለገውም። ተነግሮታል።

ቂጣ ተፈቀደ። ቂጣ የእንጀራ ታናሽ እህት ስለሆነች ምጣዱ አይቀየምም። ነገር ግን ለአንድ አጥኚ ቁርስ የሚሆን አንድ ቂጣ ለመጋገር ምጣዱ መጀመሪያ መጋል አለበት፤ ሊጥ ሳይነካው በፊት ብቻ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። በዚህ ኤሌክትሪክ ባለ ዘጠኝ ዋት አምፖል 80 ሰዓት ገደማ ይበራ ነበር። እትዬ ይህን ስሌት ካርድ በሚሞሉበት ቋንቋ ያውቁታል፤ «ለአንድ ቂጣ?» የሚለው አጠያየቃቸው ከአሃዙ የበለጠ ትክክል ነበር።

ወጥ ደግሞ በሙቀቱ ሳይሆን በትዕግሥቱ ወደቀ። ድስት በሸክላ ላይ ሲጣድ መቀመጫውና ምጣዱ ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም፤ ዙሪያውን የሚቀረው ሰፊ ሸክላም ጓዳውን እያሞቀ ይከርማል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2430 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ እሳት ቢጨመር ውሃው ይተናል እንጂ አይግልም። ባቄላ ለመቀቀል የፈለገ ሰው ይህን ዕድሜውን ሙሉ ያውቀዋል። ከዚህ ተነስቶ አጥኚው አንድ መላምት ይሰነዝራል፦ የአርሲ ደጋ ሰው ገብሱን በውሃ ከመለመን ይልቅ በደረቅ እሳት ማዘዙ፣ ቆሎ ብሎ፣ በሶ ብሎ፣ በቅመም ቅቤ የታሸ ጭኮ ብሎ መዝለቁ፣ በከፍታው ምክንያት ነው። ደረቅ ምጣድ ከፍታ አይገደውም። አሰላ ውስጥ ከፈረንጆቹ 1984 ጀምሮ ገብስ እየዘፈዘፈ፣ እያበቀለ፣ በሙቅ አየር እያደረቀ ለቢራ ጠማቂዎች የሚያቀርበው የብቅል ፋብሪካም ሳያውቀው ይህን መላምት እየደገፈ ነው። መላምቱን እስካሁን የተቃወመ የለም፤ ያነበበውም የለም። የጎረቤት እናት ጭኮ እያሹ ሲሰሙት ግን «ጭኮ የምንሠራው ስለሚጣፍጥ ነው» ብለዋል። አስተያየታቸው በአማራጭ መላምትነት ተይዟል።

ድፎ ዳቦ ያለ ክርክር አልፏል። ሊጡ በኮባ ተጠቅልሎ በትሪ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ይደፋል። በጥንቱ አጋገር እሳት ከታችም ከላይም ስለሚነድ ዳቦው ሁለት ፊት ይበስላል፤ የኤሌክትሪኩ ምጣድ ግን ከታች ብቻ ስለሆነ ዳቦው መሐል መንገድ ላይ ይገለበጣል። መገልበጡ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይገለብጣል፣ ሌላው «ቀስ!» ይላል። አጥኚው በሁለተኛው ሙያ ተመድቧል።

እዚህ ድረስ ሙከራዎቹ ምጣዱን ሐሙስ ዕለት ሥራ ሊያስይዙት አልቻሉም፤ ድፎም ቢሆን የበዓል እንጂ የሐሙስ አይደለም። ስለዚህ አጥኚው ዘዴውን ለውጦ፣ ምንም ሳያበስል፣ ምጣዱ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ መከታተል ጀመረ።

ማክሰኞ ጠዋት። እትዬ የመጨረሻዎቹ ጥቂት እንጀራዎች ሲቀሩ ሶኬቱን ነቀሉ። ሸክላውና ጀሶው የጠጡትን ሙቀት ቶሎ ስለማይለቁ ቀሪዎቹ ያለ ኤሌክትሪክ በሰሉ፤ እንጎቻዋ ለልጅ ልጃቸው ወጣች። ይህ ለቆጣሪው የማይታይ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ወዲያው የተረፈው የሳምንቱ እንጀራ ተቆራርሶ ተበተነበት፤ ድርቆሽ ሆኖ ወረደ። ድርቆሹ እንደወረደ የጠላው ብቅል በሰፌድ መጣ። በክረምት አሰላ ፀሐይ የምትታየው የጭላሎ ተራራ ሲፈቅድ ነው፤ ብቅል ግን እስኪፈቀድ አይጠብቅም። ምጣዱ ለብ ወደማለቱ ሲደርስ የዳቦ ሊጥ ያለበት ሳፋ ጋቢ ለብሶ በክዳኑ ላይ ተቀመጠ፤ ኩፍ አለ። ከሰዓት በኋላ ካልሲዎች፤ ቀጥሎም የተማሪ የደንብ ልብስ። አመሻሹ ላይ ድመቷ። ድመቷ ከክዳኑ የወረደችው ሙቀቱ ካለቀ በኋላ መሆኑን አጥኚው በእጁ ዳሶ አረጋግጧል፤ ከሙቀት መለኪያ ትተካለች ባይባልም ከዚህ አጥኚ ይልቅ በሰዓቷ ትገኛለች።

ረቡዕ ምጣዱ ቀዝቅዟል። ቀዝቃዛ ምጣድ ደግሞ ሰፊ፣ ክብ፣ ወገብ የሚደርስና የማይነቃነቅ ነገር ነው፤ በጠባብ ጓዳ ውስጥ ይህን የሚያሟላ ሌላ ዕቃ የለም። ሐሙስ በአራት ሰዓት በክዳኑ ላይ የተገኙት፦ መሶብ፣ የታጠቡ ሰሃኖች፣ የሽሮ ጣሳ፣ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ፣ ቀይ ሽንኩርት የሚከተፍበት ጣውላ፣ የሒሳብ ደብተርና በደብተሩ ላይ ያጎነበሰች የአራተኛ ክፍል ተማሪ። በእግሮቹ መካከል የድንች ጆንያ። ከጀርባው፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል፣ የዕቁብ ደብተር። አጥኚው ይህን ዝርዝር በሚጽፍበት ጊዜ ማስታወሻውን የሚያሳርፍበት ቦታ አጥቶ ቆሞ ነበር።

«እትዬ፣ ይህ ምጣድ ሐሙስ ሐሙስ ምን ይሠራል?» ተብለው በይፋ ተጠየቁ።

«ምንም» አሉ፤ እያሉም ሳፋውን ለማሳረፍ ደብተሩን ገፋ አደረጉት።

ከዚህ በመነሣት አንዳንድ ችኩል አንባቢ 2.4 በመቶ የሚለው አሃዝ ይስተካከል ሊል ይችላል። አጥኚው አይስማማም። አሃዙ የተሰላው በትክክል ነው፤ መሣሪያ ሠራ የሚባለው ኤሌክትሪክ ሲበላ ነው፤ ድመት፣ ካልሲና ሒሳብ በኪሎ ዋት አይለኩም። ምጣዱ ሐሙስ ዕለት ሥራ ፈት ነው። ችግሩ ሥራ የሚፈታበት ቦታ አለማግኘቱ ብቻ ነው። ስለዚህም ከመጀመሪያው የታሰበው ምክረ ሐሳብ፣ ምጣዱ በማይጋገርበት ቀን ተሰክቶ ሌላ ምግብ ይሥራ የሚለው፣ በተግባር ቢውል ለመሶቡ፣ ለሰሃኖቹ፣ ለሽንኩርቱና ለተማሪዋ ምትክ ቦታና ካሣ መፈለግ ይኖርበታል። ጓዳው ሦስት እርምጃ ርዝመት ስላለው ምትክ ቦታ አልተገኘም።

የጥናቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ሥጋ ጥብስን የሚመለከት ነበር። ሰፊ ሸክላ፣ ከፍተኛ ሙቀት፣ የአርሲ በግ፤ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የጎደለ ነገር አልነበረም። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው፣ ማለትም እትዬ፣ ለአጭር ጊዜ ተሰብስበው ውድቅ አድርገውታል። የውሳኔው ምክንያት እንደሚከተለው በቃል ተነግሯል፦ የሥጋው ጮማ ሸክላው ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ዓርብ የሚበላው እንጀራ የሚጋገረው በዚሁ ምጣድ ነው፤ ዓቢይ ጾምም እየመጣ ነው። አጥኚው ጉዳዩን በይግባኝ ለጎረቤት እናት ያቀረበው፣ እሳቸው ሙስሊም ስለሆኑ የጾሙ ነገር አያግዳቸውም በሚል ተስፋ ነበር። እሳቸውም የእንጀራ ምጣድ ሥጋ አይነካም አሉ፤ ምክንያት ሲጠየቁ ሳቁ።

ኮሚቴው በሩን ጨርሶ አልዘጋም። የራሱን ምጣድ ገዝቶ ለሚመጣ ተመራማሪ በረንዳው ላይ እንዲሠራ ይፈቀድለታል፤ ማሟሻውን ጎመን ዘርም፣ የካርዱንም ሒሳብ፣ ብሬከሩ ሲወርድ ደረጃ ላይ ወጥቶ መመለሱንም ራሱ ይችላል። ከማክሰኞና ከቅዳሜ በስተቀር።